በስልክ የለካሁት ቦታ ከካርታው ጋር አልገጥም አለ፤ የትኛውን ልመን?

የሳቢያን ልጅ
ቅዳሜ ማታ 1፡40

ሰላም፣ እንዴት አመሻችሁ። የምጽፈው ከድሬዳዋ ነው። እናቴ ከተማው ጠርዝ ላይ 200 ካሬ ሜትር ቦታ አላት፤ ካርታው ላይ ፊቱ 10፣ ጎኑ 20 ሜትር ተብሎ ተቀምጧል። እስካሁን በቁልቋልና በእሾህ ታጥሮ ነው የኖረው። ዘንድሮ በብሎኬት ልናጥረው ገንዘብ አጠራቅመን፣ ስንት ብሎኬት እንደሚፈጅ ላሰላ ብዬ ትናንት ጠዋት ስልኬን ይዤ ዙሪያውን ዞርኩት። የጫንኩት አፕ እየተራመድክ መስመሩን ይስልልሃል፤ ስትጨርስ ስፋቱን ይነግርሃል።

መጀመሪያ 231 ካሬ አለኝ። ለማረጋገጥ ደገምኩት፤ 174። ሦስተኛ ዞርኩ፤ 208። ቦታው ያው፣ ስልኩ ያው፣ የረገጥኩትም ያው መስመር ነው።

ነገሩ በዚህ ቢቆም ባልተጨነቅኩ። ስዞር ያዩኝ ጎረቤታችን ልጃቸውን አስጠርተው በእሱ ስልክ አስለኩ። የልጁ ስልክ ደግሞ የኋላ ጥጋችን ወደ እነሱ 3 ሜትር ገብቷል አለ። እኚህ ሰው አባቴ የሞተ ጊዜ ሦስቱንም ቀን ከድንኳኑ ያልተለዩ ሰው ናቸው። ዛሬ ጠዋት እናቴ ቡና አፍልታ ስታስጠራቸው «ሥራ አለብኝ» ብለው ቀሩ። እሷም ሆድ ብሷት ውላለች።

በካሜራ የሚለካውንም አፕ ሞከርኩ፤ ፊቱን 9 ሜትር ከ62 አለኝ። የሳተላይት ካርታ ላይ ከጥግ ጥግ ስነካ ደግሞ 10 ሜትር ከ80። አራት መለኪያ፣ አራት መልስ። የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገረኝ፤ ከእነዚህ የትኛውን ይዤ ነው ጎረቤቴ ፊት የምቆመው?


ደንገጎ
ቅዳሜ ማታ 2፡05

አብሽር ወንድሜ። እኔ ከድሬ ሐረር ሚኒባስ ነው የምነዳው። ከድሬ ተነስቼ ደንገጎን ወጥቼ፣ ሐረማያንና አወዳይን አልፌ ሐረር ስገባ ስልኬ የቆጠረው ኪሎ ሜትርና የመኪናዬ ቆጣሪ ሁልጊዜ ተቀራራቢ ናቸው። ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ሄደን የሚለያዩት በጥቂት መቶ ሜትር ነው። ስለዚህ ስልክ ይሳሳታል የሚለውን እኔ አልቀበልም፤ ችግሩ አፑ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። ካርታ ላይ ሁለቱን ከተሞች በጣት ነክተህ ርቀት ለካ ስትለው 42 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚልህ። ያ በአየር መስመር ነው፣ ተራራውንም ጥምዝምዙንም አያውቅም። ተሳፋሪ በዚህ ተነስቶ ሲከራከረኝ ስንት ጊዜ አስረድቻለሁ።


ችካል
ቅዳሜ ማታ 2፡50

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ሐረር የቅየሳ ሥራ ከጀመርኩ አሥራ ሦስት ዓመት ሆኖኛል፤ እንዲህ ያለ ጠብም በየወሩ ነው የሚገጥመኝ። ደንገጎ ያልከው ትክክል ነው፤ የሳቢያን ልጅ ያየውም ትክክል ነው። ሁለቱን የሚያስታርቃቸውን ልንገራችሁ።

ጂፒኤስ ማለት ይህ ነው። ሳተላይቶቹ ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ይዞራሉ። ስልክህ ቢያንስ ከአራቱ ምልክት ተቀብሎ፣ ምልክቱ እስኪደርስ የፈጀውን ጊዜ በብርሃን ፍጥነት እያባዛ ያለህበትን ያገኛል። ሰዓቱ በሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ ብቻ ቢዛነፍ ርቀቱ በ30 ሴንቲ ሜትር ይዛነፋል። ምልክቱም በአየሩ ውስጥ ሲያልፍ ይዘገያል። በዚህ ምክንያት ገላጣ ሜዳ ላይ፣ ሰማዩ ወለል ብሎ እየታየህ እንኳ፣ ተራ ስልክ ያለህበትን ነጥብ ከ3 እስከ 5 ሜትር በሚደርስ ስህተት ነው የሚነግርህ። ግድግዳ ወይም ዛፍ ሥር ከገባህ ይብሳል። ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሁለት ዓይነት ሞገድ የሚቀበሉ ስልኮች መጥተዋል፤ የተሻሉ ናቸው፣ ግን እነሱም ችካል አይተክሉም።

አሁን ልብ በሉ። ይህ ስህተት ርቀቱ ስለረዘመ አይጨምርም፣ ርቀቱ ስላጠረም አይቀንስም። መነሻህ ላይ ጥቂት ሜትር፣ መድረሻህ ላይ ጥቂት ሜትር፣ በቃ። ከድሬ ሐረር ድረስ 5 ሜትር ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ፊቱ 10 ሜትር በሆነ ቦታ ላይ ግን 5 ሜትር ግማሽ ፊት ነው! የእናትህ ቦታ ፊት በ2 ሜትር ብቻ ቢሳሳት፣ 20 ሜትር ጎን አለውና 40 ካሬ ይጨመርበታል ወይም ይቀነስበታል። 231 እና 174 የመጡት ከዚያ ነው። ሦስቱም ቁጥር ስለ መሬቱ ምንም አልነገረህም፤ የነገረህ ስለ ስልኩ ነው።

የጎረቤታችሁ ልጅ «3 ሜትር ገባ» ያለውም ከዚሁ ስህተት ውስጥ ያለ ነው። ልጁ ዋሸ ማለት አይደለም፤ ስልኩ ያሳየውን ነው የተናገረው። ይህን ለጎረቤትህ ማስረዳት ከፈለግክ ክርክር አትግጠም። ከልጃቸው ጋር ሆናችሁ አንድ ድንጋይ ጥጉ ላይ አስቀምጡ። በእሱ ስልክ ጠዋት፣ እኩለ ቀንና ማታ ድንጋዩ ላይ አድርጋችሁ ነጥቡን ካርታው ላይ ምልክት አድርጉ። ድንጋዩ ሳይነቃነቅ ነጥቡ ሲንከራተት አባትየው በዓይናቸው ይዩት።

አንድ ነገር ልጨምር። እየለካህ ቆመህ ሰው ካናገርክ አፑ መቁጠሩን አያቆምም። ነጥቡ ባለህበት እየዘለለ ስለሆነ ያንን ዝላይ እርምጃ ያደርገዋል።


እሙ ሐናን
እሁድ ጠዋት 3፡20

አሰላሙ ዓለይኩም። ስለ መሬት አላውቅም፤ በካሜራ ስለመለካት ግን ብዙ ከፍዬ የተማርኩት ነገር አለኝ።

ሐረር መጋረጃ ነው የምሰፋው። ደንበኞቼ ከሐረማያም፣ ከጅግጅጋም፣ ከድሬም ናቸውና እያንዳንዱ ቤት ሄጄ መለካት አልችልም። ስለዚህ ስልኩ የለካውን ፎቶ አንስተው ይልኩልኛል። ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት ሙሽራ የሳሎኗን መስኮት ላከችልኝ፤ የመጋረጃው ዘንግ 2 ሜትር ከ84 ይላል። በዚያ ቆረጥኩ። ሲሰቀል ዘንጉ 3 ሜትር ከ10 ሆኖ ተገኘ። 26 ሴንቲ ሜትር ጎደለ። ጨርቅ አንዴ ከተቆረጠ ተቆረጠ፤ ሌላ ጥቅል ገዝቼ ከሠርጉ በፊት ሌሊት ሰፍቼ አደረስኩላት።

ቤቷ ሄጄ ሳይ ግድግዳው አዲስ ጂፕሰም ነው፣ ነጭ፣ አንድ ነጥብ እንኳ የለበትም። የከሰዓት ፀሐይ በመስኮቱ ገብቶ ግድግዳው ላይ ተኝቷል። እዚያው ቆሜ በራሴ ስልክ ስሞክር ሦስቴ ሦስት ዓይነት ነገረኝ። እሷ ምንም አላጠፋችም።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ከመለካታቸው በፊት አንድ የኤ4 ወረቀት ከመስኮቱ አጠገብ በፕላስተር ይለጥፉ እላለሁ። የኤ4 ቁመቱ 29.7 ሴንቲ ሜትር ነው፣ የትም ቢገዛ አይለወጥም። መጀመሪያ ወረቀቱን ይለኩና ቁጥሩን ይላኩልኝ። 30 ገደማ ካለ ስልኩ ያን ቀን ደህና ነው፤ 27 ወይም 33 ካለ መስኮቱንም በዚያው ልክ ነው የሚያበላሸው። ያኔ ብርሃን ይቀየር፣ ግድግዳው ላይ ጌጣጌጥ ያለው ጨርቅ ይንጠልጠል፣ እንደገና ይሞከር። ስልኩንም ዝም ብሎ አቁሞ ሳይሆን ቀኝና ግራ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ቀስ እያደረጉ ክፍሉን ካሳዩት በኋላ ነው የሚሠራው። መስታወትና ብርጭቆ ላይ ግን አትድከሙ፤ ከመስታወቱ ኋላ ያለውን ነገር ይይዝባችኋል።

እንዲያም ሆኖ ለዋጋ ግምት ብቻ ነው የምቀበለው። መቀስ ከማንሳቴ በፊት በሜትር ተለክቶ ቁጥሩ በድምፅ ካልተላከልኝ አልቆርጥም።


መምህር ከከዚራ
እሁድ ረፋድ 5፡00

እህቴ እሙ ሐናን ያልሽው ልክ ነው፤ ምክንያቱን ልጨምርበት። ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ።

አንድ ዓይንህን ጨፍነህ ጣትህን ፊትህ ዘርጋ። ከዚያ ሌላውን ጨፍን። ጣትህ ከኋላው ካለው ግድግዳ አንጻር ይዘላል። ቅርብ ያለው ብዙ ይዘላል፣ ሩቅ ያለው ጥቂት። ስልኩ አንድ ዓይን ስላለው ስታንቀሳቅሰው ሁለተኛ ዓይን እየሠራለት ነው። ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ የሚያውቀው በውስጡ ባሉት የእንቅስቃሴ ስሜት መቀበያዎች ነው፤ አንዱ ጋይሮስኮፕ ይባላል። ርካሽ ስልኮች ላይ አንዳንዴ የለም፣ ያኔ አፑ እንኳ አይጫንም። ግድግዳው ነጭ ከሆነ የሚዘል ነጥብ ካሜራው አያገኝም። ሩቅ ያለው ደግሞ በጣም ጥቂት ስለሚዘል፣ ርቀት በጨመረ ቁጥር ስህተቱ ይሰፋል። ይህ ከጂፒኤሱ በተቃራኒ ነው። ጂፒኤስ ለረዥም ጥሩ ነው፣ ካሜራ ለአጭር። ከመካከላቸው ያለው 10፣ 20፣ 30 ሜትር ለሁለቱም የማይመች ነው፤ ሰው የሚጣላው ደግሞ በዚሁ ርቀት ላይ ነው።

ሌላ ዓይነት አፕ አለ። ቁመትህን ትነግረዋለህ፣ ስልኩን ዓይንህ ጋ ይዘህ የነገሩን እግር ታነጣጥራለህ፣ እሱ በዘመመበት ማዕዘን ርቀቱን ያሰላል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ከፍታውን ለማዕዘኑ ታንጀንት ማካፈል ነው። ተማሪዎቼን ያሠራኋቸውን ላሳያችሁ። ስልኩ 1 ሜትር ተኩል ከፍታ ላይ ቢያዝና እጅ በአንድ ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል፣ 3 ሜትሩ 3.14 ይሆናል። 10 ሜትሩ 11.35 ይሆናል። 20 ሜትሩ ግን 26 ይሆናል። አንድ ዲግሪ ማለት ሰው ትንፋሹን ሲስብ የሚነቃነቀው ያህል ነው። መሬቱ ተዳፋት ከሆነማ ስሌቱ ራሱ ይፈርሳል።

በድምፅም ይለካል፤ ይህን በጣም ነው የምወደው። ፋይፎክስ የሚባል ነፃ አፕ አለ፣ የጀርመኑ የአኸን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የሠራው። ድምፅ ሲሰማ የሚነሳና የሚቆም ሰዓት አለው። ሁለት ተማሪ ሁለት ስልክ ይዘው ግቢው ውስጥ በ20 ሜትር ተራርቀው ይቆማሉ። አንዱ ሲያጨበጭብ ሁለቱም ሰዓት ይነሳል፤ ሁለተኛው ሲያጨበጭብ ሁለቱም ይቆማል። የሁለቱ ሰዓት ልዩነት ድምፁ ሄዶ የተመለሰበት ጊዜ ነው። ወደ 0.114 ሰከንድ ያገኛሉ። በድምፅ ፍጥነት አባዝተህ ለሁለት ስታካፍል ርቀቱ ይወጣል።

እዚህ ላይ ድሬ መሆናችን ይገባል። መጽሐፉ የድምፅ ፍጥነት 343 ሜትር በሰከንድ ይላል፤ ያ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሲሆን ነው። ከሰዓት በኋላ 35 ዲግሪ ላይ 352 ይደርሳል። ልጆቹ በ343 ሲያሰሉ ግማሽ ሜትር ጎደለባቸውና ሜትሩ ተሳስቷል ብለው ተነሱ። አንዲት ልጅ ብቻ «ዛሬ ሞቋል እኮ» አለች። ሐረር ቢሆኑ ኖሮ፣ ቀዝቀዝ ስለሚል፣ የመጽሐፉ ቁጥር ይገጥምላቸው ነበር።

የሳቢያን ልጅ፣ ድሬ ሆነህ ስልክህን የምታስተያይበት አጣሁ አትበል። የጥንቱ የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ ከውስጥ ጠርዝ እስከ ውስጥ ጠርዝ ልክ 1 ሜትር ነው፤ ከተማችንም ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ሲደርስ ነው የተቆረቆረችው። አዲሱ ባቡር ግን 1 ሜትር ከ43 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው፤ እንዳትቀላቅለው። የብረት መሸጫ ሄደህም አንድ ያልተቆረጠ ፌሮ ብትለካ 12 ሜትር ነው። ሐዲዱ ጋ ስትሄድ ባቡር የማያልፍበትን ቦታ ምረጥ።


ነምበር ዋን
እሁድ 6፡15

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ሌዘር ያለው ስልክ መግዛት ነው። የአጎቴ ልጅ ከውጭ ያመጣው አይፎን ጠረጴዛ ሲለካ አንድ ሴንቲ ሜትር አይስትም።


ችካል
እሁድ 7፡00

ነምበር ዋን፣ ያየኸው እውነት ነው። ሊዳር ይባላል፤ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአንዳንዶቹ ውድ ስልኮች ላይ አለ። ብርሃን ልኮ ሲመለስ ጊዜውን ስለሚለካ ነጭ ግድግዳም ጨለማም አይከለክለውም። የሚደርሰው ግን እስከ 5 ሜትር ነው። ለእሙ ሐናን መስኮት ግሩም ነው፤ ለ20 ሜትር ጎን አይሆንም። በዚያ ስልክ ዋጋ ደግሞ አንድ ቀያሽ መሣሪያውን ይዞ ስንት ጊዜ እንደሚመጣልህ ጠይቅ።


የጀጎል አስጎብኚ
እሁድ ማታ 12፡30

ስለ ግድግዳው የተነሳውን ላረጋግጥላችሁ። ጀጎል ውስጥ እንግዳ ይዤ ስዞር ነው የምውለው። ፈረስ መጋላ ድረስ ያለው ዋና መንገድ ሰፊ ስለሆነ ስልኩ ደህና ይከተልሃል። ከዚያ ወደ ጠባቦቹ መተላለፊያዎች ስትገባ፣ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ በሚተላለፍበት፣ ሰማዩ ከላይህ እንደ ጥብጣብ ነው የሚቀረው። ያኔ ስልኩ የሰው ሳሎን ውስጥ ያስገባሃል። ቆመህ ሳለህ ነጥብህ ከግንቡ ወዲያ ማዶ ትታያለች። የሳተላይቱ ምልክት በቀጥታ አይመጣም፣ ከድንጋዩ ግድግዳ ተንጸባርቆ ነው የሚደርሰው፤ የተጓዘው ስለረዘመ ስልኩ ራሱን ሌላ ቦታ ያገኘዋል።

ባለፈው አንድ ጎብኚ በቀን የተጓዝነውን ስልኩ ላይ ሲያይ 11 ኪሎ ሜትር አለው። የግንቡ ዙሪያ በሙሉ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ እኛም የዋልነው ከውስጡ ነው። እኔ በእርምጃ ነው የምቆጥረው። መቶ ሜትር በሜትር ለክቼ በተለመደው አካሄዴ ስሄድ 140 እርምጃ ነው፤ ስለዚህ አንዱ እርምጃዬ 71 ሴንቲ ሜትር ነው። የስልኩ እርምጃ ቆጣሪ ሰማይ አይፈልግም፣ መነቅነቁን ብቻ ነው የሚያየው። በእሱ ሳሰላ 7 ኪሎ ሜትር አይሞላም ነበር። ጠባብ ቦታ ላለ ሰው እግሩን ይመን። ቁልቁለትና ደረጃ ላይ ግን እርምጃ ስለሚያጥር እሱንም ማስተካከል አለባችሁ።


የሳቢያን ልጅ
እሁድ ማታ 2፡10

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። መምህር እንዳሉት ከሰዓት ወጥቼ ሞከርኩት።

መጀመሪያ ሐዲዱ ጋ ሄድኩ። ጥቁር ብረት፣ በመሐሉ ጠጠርና የደረቀ ሣር፤ ለካሜራው የሚይዘው ብዙ ነገር አለ። ቁጢጥ ብዬ አሥር ጊዜ ለካሁ። ትንሹ 97፣ ትልቁ 104 ሴንቲ ሜትር፣ ብዙዎቹ 99 እና 101 መካከል። በጣም ነው የገረመኝ፤ አንድ ሜትር ላይ እንዲህ ይቀርባል ብዬ አልጠበቅሁም።

ከዚያ ብረት መሸጫ ሄጄ ባለቤቱን ለመንኩና መሬት ላይ የተዘረጋ ፌሮ ለካሁ። በካሜራ ስሄድበት አንዴ 11.60፣ አንዴ 12.45፣ አንዴ ደግሞ ግማሽ መንገድ ላይ ነጥቡ ጠፋብኝ። በጂፒኤስ ጫፍና ጫፉ ላይ ቆሜ ስሞክር 8፣ 15፣ 17 ሜትር። ባለቤቱ እያዩ «ይሄ ፌሮ ሲረዝምና ሲያጥር ዛሬ አየሁ» አሉ።

የድንጋዩንም ነገር ከጎረቤታችን ልጅ ጋር አደረግነው። ደስ ብሎት ነው የተባበረኝ። ሦስቱ ነጥቦች ካርታው ላይ ሲታዩ ሁለቱ እርስ በርስ ከ4 ሜትር በላይ ተራርቀዋል፤ አንዱ እነሱ ግቢ፣ ሌላው እኛ ግቢ። ለአባቱ ወስዶ አሳያቸው። ምንም አላሉም፤ ግን ረቡዕ ሜትር ተገዝቶ አብረን እንለካ ብለው ልከውብኛል። ችካል ወንድሜ፣ በሜትር ስንለካ ምን ምን እንዳይረሳን?


ችካል
እሁድ ማታ 3፡00

በጣም ደስ አለኝ። እንዲህ አድርጉ።

የ50 ሜትር ጥቅል ሜትር ያዙ፣ የጨርቅ ከሆነ አዲስ ይሁን፣ ያረጀ ይለጠጣል። ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ እንዳይረግብ ይወጥረው፤ ተዳፋት ካለ መሬቱን ሳይሆን አግድሞሹን ለኩ፣ በደረጃ በደረጃ። አራቱን ጎን ከለካችሁ በኋላ የብዙ ሰው ስህተት እዚያው ማቆም ነው። ሁለቱን ሰያፍ ለኩ፣ ከጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ። 10 በ20 ቦታ ጥጎቹ ቀጥ ያሉ ከሆኑ ሁለቱም ሰያፍ 22 ሜትር ከ36 ይሆናል። ሁለቱ ከተለያዩ ቦታው ተገፍቷል፣ እንደ ተደገፈ የመጽሐፍ መደርደሪያ ዘሟል ማለት ነው። ጎኖቹ ልክ ሆነው ጥጉ ግን ቦታው ላይ ላይሆን ይችላል።

ካርታችሁ ላይ የጥጎቹ ነጥቦች በቁጥር ካሉ በስልክ ጂፒኤስ ልፈልጋቸው እንዳትል። አንደኛ ስህተቱን አይተሃል። ሁለተኛ በአገራችን ብዙ ካርታ የተሠራው አዲንዳን በሚባለው የቁጥር መነሻ (ልኬቱ ከየት እንደሚቆጠር የሚወስነው) ነው፣ ስልክህ ደግሞ በሌላ። በሁለቱ መካከል ከ200 ሜትር በላይ መንሸራተት አለ። አንድ ሰው ቁጥሩን ስልኩ ውስጥ አስገብቶ ቤቴ ወንዝ ማዶ ነው የሚለው ይታያል ብሎ ሲደነግጥ አጋጥሞኛል።

ሌላም አለ፣ ለእኛ አካባቢ ሰው የተለየ። በሜትር የሚጻፈው የካርታ ቁጥር ዓለምን ስድስት ስድስት ዲግሪ እየከፈለ በቀጣና ነው የሚሄደው፤ በየቀጣናው ቁጥሩ እንደ አዲስ ይጀምራል። 42 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ቀጣናው ይለወጣል፤ ያ መስመር ደግሞ የሚያልፈው ሐረማያ አካባቢ ነው። ድሬዳዋ ቀጣና 37፣ ሐረር ቀጣና 38 ናቸው። ስለዚህ የድሬዳዋ የምሥራቅ ቁጥር 815 ሺህ ገደማ ሲሆን የሐረር 184 ሺህ ገደማ ነው። ቀጣናውን ሳያይ የሚቀንስ ሰው በሁለቱ ከተሞች መካከል 630 ኪሎ ሜትር ያገኛል። ደንገጎ ወንድማችን ያን ያህል ቢነዳ አዲስ አበባን አልፎ ነው የሚሄደው።

በመጨረሻ፣ እናንተ ብትስማሙም ብሎኬት ከመደርደራችሁ በፊት ድንበሩን በይዞታ ምዝገባ በኩል አረጋግጡ። የከተማ ቦታ ይዞታ ምዝገባ ያለው ለዚህ ነው። የስልክ ልኬት እዚያ አይቀርብም።


እሙ ሐናን
ሰኞ ጠዋት 2፡45

ለእናትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ጎረቤቷ ሜትር ተገዝቶ አብረን እንለካ ማለታቸው ትልቅ ነገር ነው። እኔ ብሆን ከመለካቱ በፊት ቡናውን አስቀድም ነበር።


የሳቢያን ልጅ
ሐሙስ ማታ 1፡25

ለካን። እሙ ሐናን እንዳልሽው ቡናው ቀድሟል፣ እናቴ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስታ ዳቦ ሁሉ ደፍታ ነበር።

ሜትሩን አንዱን ጫፍ እኔ፣ አንዱን ልጁ ያዝን። አባትየው ቁጥሩን እያዩ ጮክ ብለው ይናገራሉ፣ እናቴ ደብተር ላይ ትጽፋለች። ፊቱ 10 ሜትር፣ የኋላው 10፣ ጎኖቹ 20 እና 20። ሁላችንም እፎይ አልን። ከዚያ ሰያፉን ስንይዝ አንዱ 22 ሜትር ከ90፣ ሌላው 21 ሜትር ከ80 ሆነ። ልጁ «ተሳስተናል» ብሎ እንደገና ወጠረ፤ ያው ነው።

ማታ ለመምህር በውስጥ መስመር ጻፍኩላቸውና አሰሉልኝ። ስፋቱ 199.6 ካሬ ሆነ፣ ከካርታው የጎደለ ነገር የለም። ግን የኋላው ሁለት ጥግ ወደ ጎረቤታችን በኩል 1 ሜትር ከ20 ገደማ ተገፍቷል። አባቴ በሕይወት ሳለ ቁልቋሉን ሲተክል በዓይኑ ነበር ያስተካከለው። ስለዚህ አባባ (ጎረቤታችን) «ጥጉ ገብቷል» ማለታቸው እውነት ነበር፤ 3 ሜትር የሚለው ነው ሐሰት የሆነው። እናቴ «የእኔ 200 ካሬ ነው» ማለቷም እውነት ነበር። ሁለቱም እውነት ይዘው ነው ቡና የተዘጋው።

ቁጥሩን ስነግራቸው አባባ ዝም ብለው ቆዩና «አንድ ሜትር ከሃያ ማለት ሁለት ክንድ ተኩል ገደማ አይደል?» አሉ፤ ክንዳቸውን ዘርግተው ቁልቋሉ ላይ ለኩት። ከዚያ ሳቁ። የምዝገባ ባለሙያ ሰኞ መጥቶ ጥጉን በመሣሪያ ያሳየናል፤ እሱ ባለው እንተክላለን ተባብለናል። ቁልቋሉን ከልጁ ጋር እየነቀልን ነው።


ደንገጎ
ሐሙስ ማታ 2፡00

ወላሂ ደስ ብሎኛል። መጀመሪያ ስልክ አይሳሳትም ያልኩትን አንስቻለሁ፣ ለረዥም መንገድ ብቻ ብላችሁ ያዙልኝ። ብሎኬቱ ስንት ሆነ? ከሐረር የሚጫን ከሆነ የማውቀው ባለ አይሱዙ አለ።


የሳቢያን ልጅ
ሐሙስ ማታ 2፡20

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ዙሪያው 60 ሜትር ነው፣ 3 ሜትር ለበር ስቀንስ 57። ብሎኬቱ 40 ሴንቲ ሜትር፣ ከመጋጠሚያው ሲሚንቶ ጋር 41፤ በአንድ ረድፍ 139 ይሆናል። አሥር ረድፍ ስንደረድር 2 ሜትር ከ10 ይቆማል፤ 1,390 ማለት ነው፣ ለሚሰበረውም ትንሽ እንጨምራለን። በጎረቤታችን በኩል ያለውን 20 ሜትር ወጪ አባባ ግማሹን እችላለሁ ብለዋል። የባለ አይሱዙውን ስልክ በውስጥ ላክልኝ፣ ጫኝ የምንፈልገው ከሰኞ በኋላ ነው።